ከስፌት መኪናሽ አትራቂ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 26 ነው፤ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ስፌት ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ መጋላ ውስጥ ሱቅ አለው። ላለፉት አራት ዓመታት የአንድ የቲያትር ክበብ አልባሳት የምሠራው እኔ ነኝ። ለልጆች ቲያትርም የአንበሳና የጅብ ልብስ ሠርቻለሁ። አምና አንድ የፊልም ቡድን መጥቶ 14 ልብስ አሠራኝ። 6,000 ብር ከፈሉኝና ልብሶቹን ጭነው ሄዱ። ፊልሙ ሲወጣ ስሜ የትም የለም። አሁን ደግሞ ቦሌ ያለ አንድ የፋሽን ቤት ‹ነይ፣ ደንበኛ ታነጋግሪያለሽ፣ ንድፍ ታወጫለሽ፤ ስፌቱን ሌሎች ይሠሩታል› ብሎኛል። ደመወዙ ጥሩ ነው። መልስ በሁለት ሳምንት ስጪ ተብያለሁ። በቅርቡ ደግሞ ቲያትርም፣ ባሌትም፣ ፊልምም፣ ፋሽንም የሠራች የአንዲት የውጭ አገር የአልባሳት ዲዛይነር ታሪክ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። እንደሷ መሆን ነው የምፈልገው። አባቴ ግን ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም› ይለኛል። የትኛውን ልያዝ? በዚያው የንጉሥ ካባ የሠራንበት ከፋይ ላብ ላብ እያለ አስቸግሮናል። መላ ካለዎት ይንገሩኝ።

ባለ መቀሷ፣ ከድሬ»

ባለ መቀሷ፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት መኪና ግርግር ቁጭ ብዬ ነው። ለማታውቁት አንባቢዎች፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለች ጠባብ መንገድ ናት። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው መኪናቸውን ሲያንጫርሩ ይውላሉ። ስሟንም ያገኘችው ከዚያ ጫጫታ ነው። የቀሚሴ ጫፍ እስኪታጠፍልኝ ስጠብቅ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሚሰፉልኝ ሰውዬ የአባትሽን ተረት ነገርኳቸው። ቀና ሳይሉ «ዛፉ እኮ አንድ ነው» አሉኝ።

እኔም ከዚህ የተለየ የምልሽ የለኝም። መድረክ፣ ካሜራ፣ ባሌትና ፋሽን የሚለያዩት ልብሱን ማን ከየት ሆኖ እንደሚያየው፣ ስንት ጊዜም እንደሚለበስ ነው። ከሥር ያለው ሥራ አንድ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ገላ ለክቶ መቁረጥ። ይህን ደግሞ ሰው ወረቀት ላይ አይማረውም። እኔ የተማርኩት በውርደት ነው።

በደርግ ጊዜ ለአንድ የኪነት ቡድን እሰፋ ነበር። ያኔ ካንቺም አንስ ነበር። ለ12 ተወዛዋዦች እጅጌው ጠበብ፣ ወገቡ ልክክ የሚል ቀሚስ ሠራሁ። ስለካቸው ሁሉም እጃቸውን ወደ ታች ለቀው እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ነበር የቆሙት። መስታወት ፊት አቤት ሲያምር! ማታ መድረክ ላይ እስክስታው ተጀመረ። ትከሻ ሲነቃነቅ ምንም አልሆነም። ከዚያ ጭፈራው ተቀየረና እጆች ወደ ላይ ወጡ። የመጀመሪያው ብብት ተተረተረ። ሁለተኛው ተከተለ። ከበሮው ስለሚጮህ ተመልካቹ አልሰማም፤ እኔ ግን ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ አንድ በአንድ እቆጥር ነበር። ሰባት ደረስኩ። ልጆቹ እስከ መጨረሻው ክንዳቸውን ከጎናቸው ሳያላቅቁ ጨፈሩ።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ሰፊ ብብቱን ፈትተው መዳፍ የምታህል አራት ማዕዘን ጨርቅ በማዕዘኗ አዙረው አስገቡበት። እጅ ሲወርድ ታጥፋ ትደበቃለች። እጅ ሲነሳ ትከፈታለች። አለቀ፤ ይኸው ነው ዘዴው። የባሌት ልብስ የሚሰፉ ሰዎችም የሚጠቀሙባት ይህችኑ ቁራጭ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሰው ሳላስቀምጥ፣ ሳላስነሳ፣ እጅ ሳላሰቅል ለክቼ አላውቅም። ሙሽራ እንኳ ብትሆን።

ያየሽው ታሪክ የማን እንደሆነ አልነገርሽኝም። እኔ በተራዬ አንዲት ሴት ላስተዋውቅሽ፤ ባርባራ ካሪንስካ። በ1886 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ዩክሬን፣ ካርኪቭ ከተማ ተወለደች። ጥልፍ የተማረችው በልጅነቷ ነው። ከሩሲያ አብዮት በኋላ፣ በ1924፣ ከአገሯ ወጣች፤ ኑሮዋን ፓሪስ ላይ እንደገና ከዜሮ ጀመረች። በ1932 ለባሌት መስፋት ስትጀምር ንድፉን የሚያወጡት ሌሎች ነበሩ፤ ሰዓሊዎች። እሷ ሥዕሉን ትቀበልና ልብስ አድርጋ ትመልሰዋለች። ፓሪስ፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ኒው ዮርክ። ሆሊውድም ጠራት። ስለ ፈረንሳዊቷ ጀግና ስለ ጃን ዳርክ በተሠራ ፊልም የ1948ቱን የአልባሳት ኦስካር ከዶሮቲ ጂኪንስ ጋር ተጋራች። ኦስካር ለአልባሳት መሰጠት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ለታላቁ የባሌት ሰው ለባላንሺን ንድፉንም ስፌቱንም ራሷ አድርጋ የመጀመሪያ ሥራዋን ያቀረበችው ግን መቼ ይመስልሻል? በ1949። ስድሳ ዓመት አልፏት! በሁለት ሳምንት ወስኚ ለሚሉሽ ሰዎች ይህን ንገሪያቸው።

ከዚህች ሴት ሥራ እኔ የምወደው ቱቱውን፣ ያን ዙሪያውን የተነፋ የባሌት ቀሚስ ነው። የቀድሞው አጭር ቱቱ በሽቦ ተወጥሮ የቆመ ነበር። መድረኩ ላይ ብዙ ሴቶች ሲጠጋጉ የአንዷ ቀሚስ የሌላዋን ይገፋል፤ ሁሉም እንደ ሰፌድ ዘንበል ቀና ይላል። ካሪንስካ በ1950 ሽቦውን አወጣችው። የቱሉን፣ የዚያን ስስ መረብ ጨርቅ፣ ድርብርብ አሳጠረች፤ እርስ በርሱ እየተደጋገፈ በራሱ እንዲቆም አድርጋ ሰፋችው። የላይኛውን ክፍል ደግሞ ጎን ጎኑን በሰያፍ ቆረጠችው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ እንደሚለጠጥ አንቺም ታውቂያለሽ። ዳንሰኛዋ መተንፈስ ቻለች። ይህ ሐሳብ ከእርሳስ አይመጣም። ጨርቁ እጁ ላይ ያለ ሰው ነው የሚያመጣው።

የተገላቢጦሹንም ስሚ። ኮኮ ሻኔል በ1924 እ.ኤ.አ. «ሰማያዊው ባቡር» ለተባለ ባሌት ልብስ ሠራች። (የባቡር ከተማ ልጅ ስለሆንሽ ስሙ እንዳያጓጓሽ፤ ባሌቱ ውስጥ ባቡር የሚባል ነገር የለም። ታሪኩ የባሕር ዳርቻ ነው።) ሻኔል ያኔ በፋሽን የሚስተካከላት አልነበረም። ዳንሰኞቹን እውነተኛ ከሹራብ የተሠራ የመዋኛ ልብስ አለበሰቻቸው። ለዓይን አዲስ ነገር ነበር። ችግሩ ዳንሰኛዋ ወደ አጋሯ ስትወረወር ታየ፤ ሹራቡ ልል ስለሆነ አጥብቆ ለመያዝ አስቸገረው። ሻኔልን እንደ ሻኔልነቷ አደንቃታለሁ። እንደኔ ግን ብብት ሳትለካ ነው ወደ መድረክ የገባችው።

መድረክ ፋሽንን ያስተማረበት ጊዜም አለ። ሌዮን ባክስት የሚባል ሰዓሊ በ1910 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለታየው የሸህራዛድ ባሌት ሰፋፊ ሱሪና ጥምጥም፣ እሳት የመሰለ ቀለም አመጣ። ወዲያው የፓሪስ ወይዛዝርት ሱሪና ጥምጥም ማማረጥ ያዙ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። የሐረር ሴት ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ ስንት ዘመን ኖራለች፤ ያጨበጨበላት አልነበረም።

ስለ ሐረሪ ቀሚስ ካነሳን አይቀር፣ አንድ ነገር አይተሽው ይሆን? ያ በሁለቱም ፊት የሚለበሰው፣ በአንድ በኩል ጥቁር በሌላው ቀይ የሆነው። መድረክ ላይ ልብስ ለመቀየር ግማሽ ደቂቃ ሲሰጥሽ የምትፈልጊው እንዲህ ያለውን ነው። ገልበጥ፣ ጥልቅ፣ ውጣ። ከዚህ በላይ ምን ፈጠራ አለ? ዚፑን ትተሽ በመጫን የሚገጥም ቁልፍ ብታደርጊበት ደግሞ ጨለማ ውስጥ እንኳ ይለበሳል። ዚፕ መድረክ ላይ አይታመንም። የሚይዘው ሁልጊዜ ዋናው ትዕይንት ላይ ነው።

ያንቺ አራት ዓመት ስለዚህ ተበታትኖ የባከነ ጊዜ አይደለም። በተለይ የአውሬ ልብሶቹን አትናቂያቸው። የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር ምን ሆነና? የአውሬዎች ኮሜዲያ ነው። ደራሲው በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በልጅነታቸው እዚሁ ሐረር፣ ራስ መኮንን ዘንድ ያደጉ ናቸው። በነገራችን ላይ የጅቡን ልብስ ሐረር አምጥተሽ ከማሳየትሽ በፊት ደግመሽ አስቢበት። እኛ ጅብን በእጃችን እያጎረስን ነው የምናውቀው። የኋላ እግሩ ከፊተኛው አጠር ካላለ የሚያልፍሽ ሰው የለም።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ፤ እዚያ ላይ ተቃጥያለሁ።

ካሜራ አፍንጫው ድረስ የሚጠጋ ዓይን ነው። መድረክ ላይ 15 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ደቃቅ ጥልፍሽን አያይልሽም፤ ትልልቅና ደፋር ጥለት ነው የሚታየው። ካሜራ ግን የተንጠለጠለች ክር ሳትቀር ይለቅማል። ቀጭን ቀጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ስክሪን ላይ ይንቀጠቀጣል። ንጣቱ ድርቅ ያለ ጨርቅ የተዋናዩን ፊት ይበላዋል፤ ለዚህ ነው የድሮ ሰዎች ነጩን ልብስ ሻይ ውስጥ ነከር የሚያደርጉት። በመድረክም ቢሆን ጨርቅ ለመግዛት ታይዋን ገበያ ከመውረድሽ በፊት መብራት የሚሠራውን ልጅ ጠይቂው። አረንጓዴ መብራት ሥር ቀይ ቀሚስ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም። ጠዋት የሞተው ሰውዬ ከሰዓት በኋላ ሊያገባ ይችላል። የሚደማ ሰው ካለ ሸሚዙ አንድ ሆኖ አይበቃም፤ ሦስት አንድ ዓይነት ያስፈልጋል። አሮጌ መምሰል ያለበት ልብስ ክርኑና ጉልበቱ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ለአቧራው እናንተ የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አለላችሁ፤ መግዛት አያስፈልግም። እያንዳንዱ ቀን ሲያልቅ የስንተኛው ቁልፍ ተከፍቶ፣ የየትኛው እጅጌ ተጠቅልሎ እንደነበር በስልክሽ ፎቶ አንሺ።

ይህ ሁሉ ሥራ ለ14 ልብስ 6,000 ብር። ጨርቁንም አንቺ ከገዛሽ እንዳትነግሪኝ።

ስም መቅረት አዲስ ነገር አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. ለወጣው ሳብሪና ለተባለው የሆሊውድ ፊልም የፓሪሱ የፋሽን ዲዛይነር ጂቫንሺ ለተዋናይቷ ለኦድሪ ሄፕበርን ልብሶች ሠርቶ ነበር። ፊልሙ በአልባሳት ኦስካር ሲያገኝ ሽልማቱን የወሰደችው የሆሊውዷ የአልባሳት ዲዛይነር ኢዲት ሄድ ናት። የጂቫንሺ ስም ፊልሙ ላይ አልተጻፈም። እሱ ፓሪስ ላይ የራሱ ቤት ነበረው፤ አልተጎዳም። አንቺ ግን ስምሽ ካልተጻፈ ሥራው እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ መቀስሽን ከማንሳትሽ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይፈረም። ዋጋው፣ ቅድሚያ የሚከፈለው ግማሹ፣ ስምሽ በፊደሉ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ልብሱ በመጨረሻ የማን እንደሚሆን። ዘመድሽም ቢሆን ይፈርም። «ምነው አታምኝንም?» ካለሽ «አምንሃለሁ፤ የማላምነው ማስታወሴን ነው» በይው።

የመጨረሻዋ ነጥብ፣ የልብሱ ባለቤትነት፣ ከሁሉም ትበልጣለች። ልብሱን አትሽጪ፤ አከራዪ። ቬሎ ቤቶች ይህ ከገባቸው ስንት ዘመናቸው! አንድ ቬሎ ስንት ሙሽራ ይድራል? ያ 14 ልብስ ዛሬ ሱቃችሁ ውስጥ ተሰቅሎ ቢሆን ለምረቃ፣ ለቪዲዮ ክሊፕ፣ ለሌላ ቲያትር በወጣ ቁጥር ገንዘብ ያመጣ ነበር። የባሌት ቤቶች ልብስ የሚሰፉት ለዓመታት እንዲለበስ ነው። ጀርባው ላይ ማቆላለፊያውን ሁለትና ሦስት ረድፍ ይሰፉበታል፤ ዘንድሮ ቀጭኗ፣ ከርሞ ሞላ ያለችው እንድትለብሰው። ውስጡ ላይ የለባሿ ስም ይሰፋል። አንቺም ከውስጥ ትርፍ ስፌት ሁለት ሁለት ጣት ተዪ። በካርቶን የቆረጥሽውን ቅድ ደግሞ ለማንም አትስጪ።

እንግዲህ ቦሌ። አባትሽ ስለ ዛፉ ቢሳሳቱም ስለ እንጀራው አልተሳሳቱም። ደመወዝ ደመወዝ ነው። እኔን ያሳሰበኝ «ስፌቱን ሌሎች ይሠሩታል» የምትለዋ ናት። እነሱ እንደ ክብር ነው የነገሩሽ። እኔ እንደ ማስጠንቀቂያ ነው የሰማሁት። በ26 ዓመትሽ ከስፌት መኪና ተነስተሽ ሶፋ ላይ ከደንበኛ ጋር ካታሎግ የምታገላብጪ ከሆነ፣ ዓመት ሳይሞላ እጅሽ ይረሳል። ያኔ የምታወጪው ንድፍ መልኩ ያምር ይሆናል፤ ይቆም አይቆም ግን አታውቂውም። ካሪንስካን ካሪንስካ ያደረጋት ስድሳ ዓመት እስኪያልፋት ድረስ ከጨርቅ አለመለየቷ ነው።

ደውዪላቸውና በቀጥታ ጠይቂ። መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ እሠራለሁ ወይ? አንዱን ልብስ ወደ ብዙ ልኬት ማስፋትና ማጥበብ፣ ዋጋ ማውጣት ታስተምሩኛላችሁ ወይ? (ፋሽን ቤት ውስጥ አንቺ የምትማሪው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ቲያትር አንድ ሰው ነው የሚያለብሰው።) ማታና እሑድ የምሠራው የራሴ ነው ወይ? አዎ ካሉሽ፣ ለአንድ ዓመት ብለሽ ሂጂ። አባትሽ ሱቅ ያለው የስፌት መኪና እንዳይሸጥ አደራ በያቸው። «ቆይ እናያለን» ካሉሽ ግን ድሬ ቅሪ። «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን። ድሬ ከቀረሽ የጥር ሠርግ ገንዘቡን ይሰጥሻል፤ ክበቡ ደግሞ ሙያውን ይሰጥሻል። አዲስ አበባ የትም አትሄድም።

ትምህርት ካማረሽ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ትምህርት ክፍልም ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ያስተምራል። አሜሪካዊቷ የአልባሳት ዲዛይነር ሩት ካርተርም የጀመረችው በኮሌጅ ቲያትር ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በአልባሳት ዲዛይን ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። ባሌቱን ግን ለጊዜው በልብሽ ያዢው። እዚህ አገር ተቀምጦ የሚጠብቅሽ የባሌት ሥራ የለም። ባህላዊ ጭፈራችን ግን ከባሌት ያላነሰ ገላ ያንቀሳቅሳል። ለዚያ በደንብ የሚሰፋ ሰው ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው።

የከፋዩን ነገር ረስቼው አይደለም። በድሬ ሙቀት ተዋናይ ላይ ከፋይ ካባ መጫን ራሱ ግፍ ነው። ገበሩን ከሰው ሠራሽ ወደ ጥጥ ቀይሪው። ከሥር ካናቴራ ይልበስ። ብብቱ ላይ የጥጥ ትራስ የመሰለች ነገር በሰፋፊ ስፌት ያዝ አድርጊ፤ በየምሽቱ ፈትተሽ ታጥቢያታለሽ። ለሽታው የሕክምና አልኮል ከውሃ ጋር ቀላቅለሽ በመርጫ ከውስጥ በኩል እፍ እፍ አድርጊበት። የውጭ አገር ቲያትር ቤቶች ለዚህ ቮድካ ነው የሚረጩት፤ እናንተ አታባክኑት። መጀመሪያ ቀለሙ እንዳይለቅ የታጠፈው ጫፍ ላይ ሞክሪው። ከዚያ ገልብጠሽ ጥላ ሥር፣ ንፋስ የሚገባበት ቦታ ስቀዪው። ፀሐይ ላይ ካሰጣሽው በሳምንት ይነጣል። ካውያ ደግሞ ፊቱን እንዳትነኪበት፤ ጠጉሩ ተኝቶ ይቀራል፤ ንጉሡ ጀርባቸውን ሲያዞሩ በግማሽ የተላጩ ይመስላሉ።